ገብረ ጊዮርጊስ የገበሬ አገልጋይ ነውን?

ለሕፃን ስም የሚፈልግ ወላጅ የግሪክ ስሞችን ከነትርጉማቸው የሚደረድሩ ዝርዝሮች አያጣም። ፊልጶስ ፈረስ ወዳድ፣ እስጢፋኖስ አክሊል፣ ሶፍያ ጥበብ፣ ኢሪኒ ሰላም፣ ጊዮርጊስ ገበሬ። (በነጭ ፈረስ ላይ የምናውቀው ገበሬ ሆኖ ፈረስ ወዳዱ ሌላ መሆኑን ልብ ይሏል።) ለእኛ ይህ አቀራረብ እንግዳ አይደለም። ተስፋዬ፣ ስንታየሁ፣ ይበልጣል እያልን ልጅ የምንጠራ ሰዎች ስለሆንን ስም ሁሉ መልእክት የተሸከመ ይመስለናል። ይህን ልማዳችንን ይዘን ወደ ግሪክ ስንሻገር ግን እንሳሳታለን ባይ ነኝ። ግሪኮች ከጥንት ጀምሮ ልጅ ሲሰይሙ አብዛኛውን ጊዜ የጠየቁት ስሙ የማን ነበር የሚለውን ነው፤ ቃሉ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ከኋላ የሚመጣ ነው።

በመጀመሪያ ዝርዝሮቹ በራሳቸው ሥራ ይመዘኑ። እሌኒን «ችቦ»፣ ካትሪንን «ንጽሕት» ብለው ያለ ማመንታት ይፈታሉ፤ የቋንቋ ሊቃውንት ግን በሁለቱም ስሞች ምንጭ ላይ አልተስማሙም። ግሪክ ውስጥ እጅግ ከተለመዱት ስሞች መካከል ዮሐንስና ማርያም ከዕብራይስጥ፣ ቆስጠንጢኖስ ከላቲን የመጡ ናቸው። ፓራስኬቪ የምትባል ግሪካዊት ደግሞ ስሟ በቀጥታ ሲፈታ «ዓርብ» ነው፤ ኪሪያኪ «እሑድ» ናት። ፓራስኬቪ የግድ ዓርብ ቀን አልተወለደችም። በስሙ የምትከበር ቅድስት አለች፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ስም የምትጠራ አያት አለች።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ የሚገኘው አዲስ ኪዳን ውስጥ ነው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ አደራ የሚልላት ፌቤን ስሟ አርጤምስ ከምትጠራባቸው ስሞች አንዱ ነው። አጵሎስ የአፖሎን፣ አቴና ላይ ያመነው ዲዮናስዮስ የወይን ጠጁን አምላክ የዲዮኒሶስን ስም ይዘዋል። ሲያምኑ ስማቸውን ለወጡ የሚል ቃል አናገኝም። በኋላም የተሰሎንቄው ሰማዕት ዲሜጥሮስ የተጠራው በእህል አምላክነት ትመለክ በነበረችው በዴሜጥር ስም ነው፤ ኢሲዶሮስም ሲፈታ የግብጿ የኢሲስ ስጦታ ይሆናል። ጣዖትን አጥብቃ የምታወግዝ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ስሞች ለጳጳሳቷና ለመነኮሳቷ ሰጠች። የስሙ ፍቺ የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ባልቻለ ነበር። ሰው ዲሜጥሮስ ብሎ ሲጠራ የሚታየው ሰማዕቱ ነው፤ ጣዖቷ ከስሙ ከወጣች ቆይታለች።

ከክርስትና በፊትም ነገሩ ያው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት አቴና ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በስም ተካሰዋል፤ የከሳሹ ንግግር ዴሞስቴን ከጻፋቸው ንግግሮች ጋር እስከ ዛሬ ደርሷል። የማንቲያስ ልጅ ማንቲቴዎስ የከሰሰው፣ አባቱ ሳይወድ በግድ የተቀበለውን ቦዮቶስ የተባለ ልጅ ነው። ጥፋቱም «ማንቲቴዎስ የምባለው እኔ ነኝ» ማለቱ ነበር። ማንቲቴዎስ የአባታቸው አባት ስም ነውና ለበኩር ልጅ ይገባል፣ በኩሩም እኔ ነኝ ይላል ቦዮቶስ። ከሳሹ የሚያነሣው ችግር ከመዝገብ ቤት የወጣ ይመስላል፤ ለሹመት ዕጣ ሲጣል፣ ለዘመቻ ሲጻፍ፣ አንዱ ተከስሶ ሲፈረድበት «የማንቲያስ ልጅ ማንቲቴዎስ» የትኛው ነው ይላል። ስሙ ምን ማለት ነው የሚለው ክርክሩ ውስጥ ቦታ የለውም። የተጣሉት በብኩርና ላይ ነው። ይህ የአያት ስም ልማድ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም አልሞተም። በካርፓቶስ ደሴት የበኩር ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ስትወስድ በእናቷ በኩል የመጣውን ንብረት ትወርስ ነበር፤ የበኩር ወንድ ልጅም የአባቱን አባት ስም ከአባቱ ንብረት ጋር። እዚያ ስም የርስት ምስክር ነበር ማለት ይቻላል።

የሚቃወመኝ ሰው አሪስቶፋነስን ይጠራብኝ ይሆናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ለመድረክ በበቃው «ደመናዎች» በተሰኘው ኮሜዲው ባልና ሚስት በልጃቸው ስም ይጨቃጨቃሉ። የትልቅ ቤት ልጅ የሆነችው ሚስት በስሙ ውስጥ ፈረስ እንዲገባ ትፈልጋለች፤ ባላገሩ ባል ደግሞ ቁጠባን የሚጠራውን የአያቱን ስም። ታርቀው ፌይዲፒዴስ አሉት፤ «ፈረስ ቆጣቢ» እንደ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሰዎች ቃሉን ይሰሙት ነበር። ነገር ግን ሚስቲቱ በፈረሱ የፈለገችው የትልልቆቹን ቤተ ሰብ ወገንነት ነው፤ ባልየው የያዘው ደግሞ ያንኑ የአያት ስም ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የወጣው ፍቺ አስቂኝ ሆነ፣ ተመልካቹም የሳቀው በዚያ ነው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጴጥሮስ ነው። ስምዖን «ዐለት» የተባለው ሆን ተብሎ፣ ለትርጉሙ ሲባል ነው። ይህን እቀበላለሁ፤ ስም መጀመሪያ ሲወጣ ቃሉ ሕያው ነው። ከዚያ በኋላ ጴጥሮስ የተባለ ልጅ ሁሉ ግን የተሰየመው በሐዋርያው ነው።

እኛም ብንሆን ከግሪክ የመጡትን ስሞች የያዝናቸው በዚሁ መንገድ ነው። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ቴዎድሮስ የተባለው ስሙ «የእግዚአብሔር ስጦታ» ስለሚል አይደለም፤ በዚያ ስም የሚነሣ ጻድቅ ንጉሥ በትንቢት ይጠበቅ ስለነበር ነው። እሌኒ ሲባል መስቀሉን ያስቆፈረችው ንግሥት ትታወሳለች እንጂ ችቦ ትዝ የሚለው የለም። ገብረ ጊዮርጊስን በዝርዝሩ ብንፈታው የገበሬ አገልጋይ፣ ወልደ ጊዮርጊስም የገበሬ ልጅ ይሆናል፤ እንዲህ ብሎ የሚሰማ ሰው ግን አላውቅም። ታዲያ በትርጉሙ ወድጄ ሶፍያ ብላት ምን ጉዳት አለው የሚል ወላጅ ይኖራል። በልጅቷ ላይ ምንም ጉዳት የለውም። ትርጉም ፈላጊ ከሆነ ግን አማርኛው ይበልጥ ያገለግለዋል፤ ተስፋዬን የጠራ ሁሉ ተስፋን ይሰማል፣ የሶፍያ ጥበብ ግን ለየሰሚው መተርጎም አለበት።

ግሪክም ተለውጣለች፤ ዛሬ ልጅ ሳይጠመቅ በመዝገብ ቤት ስም ይወጣለታል፣ የአያትን ስም የሚተዉ ወላጆችም አሉ ይባልብኝ ይሆናል። ልክ ነው። ልማዱን የጣሱት ግን የዛሬዎቹ የመጀመሪያዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1817 በአይቫሊክ ከተማ የሚገኝ የግሪኮች ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጥንት ግሪኮችን ስም ለራሳቸው አወጡ። እንዲህ ያለው ነገር ስለተስፋፋ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ጎርጎርዮስ አምስተኛ በ1819 ባወጡት ደብዳቤ ለተጠማቂ ሕፃናት የጥንት ስም መስጠትን አወገዙ። ልጁን ሌዎኒዳስ ወይም ቴሚስቶክሊስ ያለ ሰው መዝገበ ቃላት አልገለጠም፤ የፈለገው ፋርስን የተዋጉትን አባቶች ነው። ፓትርያርኩም የተቆጡት ቅዱሳኑ በእነዚህ አባቶች እንዳይተኩ ነው እንጂ ለቃሉ ፍቺ ብለው አልነበረም። ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልጠፋም፤ በግሪክ የስም ቀን፣ ማለትም የስሙ ባለቤት የሆነው ቅዱስ የሚታሰብበት ቀን፣ እንደ ልደት ይከበራል፤ በስማቸው ቅዱስ የሌላቸው ሰዎች ደግሞ ከጰራቅሊጦስ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል በሚውልበት ቀን፣ የስማቸውን ቀን ያከብራሉ።