«ፀጉርሽ ተመልሶ ይበቅላል»

ፀጉሯ እንደሚረግፍ ነግረዋታል። እንደሚያስመልሳት፣ አፏ ሊቆስል እንደሚችል፣ ጥሬ ሰላጣ እንዳትበላ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገብ እንዳትቀመጥ ነግረዋታል። ነርሷ ደግ ሰው ነበረች፤ እጇን ይዛ «አይዞሽ፣ ፀጉርሽ ተመልሶ ይበቅላል» ብላታለች። እውነቷን ነው፣ ፀጉሩ በቅሏል። ያልተመለሰው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልነገራትም።

የማወራው ስለ ጓደኛዬ ነው። የጡት ካንሰር ሲገኝባት 29 ዓመቷ ነበር። ሕክምናውን ከጨረሰች በኋላ የወር አበባዋ ለምን እንደቀረ ስትጠይቅ፣ ሐኪሙ ከካርዷ ላይ ቀና ሳይል «ከኬሞው ነው፤ የሚጠበቅ ነው» አላት። የሚጠበቅ! ማን ነበር ሲጠብቅ የነበረው? እሷ እንደሆነች አልጠበቀችም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያች አንዲት ቃል ጋር የተያዘ ጠብ ነው። የሚጠበቅ ነገር ከሆነ የሚነገር ነገር ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ያገባም ያላገባም፣ የመጀመሪያው ኬሞ ከመሰቀሉ በፊት «ወደፊት ልጅ መውለድ ትፈልጋለህ? ትፈልጊያለሽ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይሄ ቸርነት አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።

ሴት ልጅ የእንቁላል ክምችቷን ይዛ ነው የምትወለደው፤ ክምችቱ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይሄድም። ለጡት ካንሰር በሰፊው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሳይክሎፎስፋማይድ ይህን ክምችት ይመታል። ጉዳቱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፣ እንደ መጠኑና እንደ ዕድሜዋ ይለያያል፤ የ25 ዓመቷና የ40 ዓመቷ ዕጣ አንድ አይደለም። ዳሌ አካባቢ የሚሰጥ ጨረርም ኦቫሪንና ማሕፀንን ይጎዳል። ወንዱም ቢሆን አያመልጥም፤ ከኬሞ በኋላ የዘር ፈሳሹ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ፍሬ አልባ ሊሆን ይችላል። ይህ ትናንት የተገኘ ምስጢር አይደለም። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ ከሕክምና በፊት ታካሚያቸውን እንዲያነጋግሩ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ሕይወትሽ ይቅደም»። ማን አይቅደም አለ? ግን እስቲ እንቁጠረው። ወንድ የዘር ፈሳሹን ሰጥቶ ለማስቀመጥ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ቀን ቢሆን ነው። ሴት እንቁላል አውጥታ ለማስቀመጥ ሁለት ሳምንት ገደማ መርፌ ትወጋለች። በጡት ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምናና በኬሞ መካከል ቁስሉ እስኪሽር የሚጠበቅባቸው ሳምንታት አሉ። አዎ፣ አጣዳፊ የደም ካንሰር ጊዜ አይሰጥም። ግን «ላንቺ ጊዜ የለም፣ አይቻልም» ማለት ራሱ መልስ ነው፤ አልቅሳ፣ አዝና፣ አውቃ ትገባበታለች። ዝምታ ግን መልስ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ድህነታችን ነው። «ጨረር ለማግኘት ወር የሚጠበቅበት፣ መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚፈለግበት ሀገር ላይ ስለ እንቁላል ታወሪያለሽ?» ይሉኛል። አዎ አወራለሁ፤ ጥያቄው ራሱ ሳንቲም አያስወጣምና። ከዚያም በላይ የሚሠራ ነገር አለ። ኬሞው በሚሰጥበት ወቅት በየወሩ የሚወጋ ጎሰረሊን የሚባል መርፌ አለ፤ ኦቫሪን ያሳርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሆርሞን የማይቀበል የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ተከታትሎ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦቫሪያቸው ሥራ ያቆመባቸው፣ መርፌውን ካልወሰዱት 22 በመቶ፣ ከወሰዱት ግን 8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። እንቁላል ማስቀመጥን አይተካም፤ ግን ከምንም ይሻላል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። የምንጠይቀው በካንሰር ሐኪሙና በመካንነት ሐኪሙ መካከል የምትሄድ አንዲት የሪፈር ወረቀት ነው።

ሦስተኛው መልስ ፍርሃት ነው፦ «ካረገዘች ካንሰሩ ይመለሳል»። ይህንን ሐኪም ብቻ ሳይሆን አክስትም፣ ጎረቤትም፣ የነፍስ አባትም ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ፖዚቲቭ የተባለ ጥናት ሆርሞን የሚቀበል የጡት ካንሰር የታከሙ ከ500 በላይ ወጣት ሴቶችን ተከታተለ። የሆርሞን ሕክምናውን ቢያንስ ለ18 ወራት ከወሰዱ በኋላ ለማርገዝ ሲሉ እስከ ሁለት ዓመት አቋረጡት። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው 8.9 በመቶ ናቸው፤ ለንጽጽር በተወሰዱት፣ ሕክምናቸውን ባላቋረጡት ዘንድ ደግሞ 9.2 በመቶ። ልጅ ለማግኘት ከሞከሩት አብዛኞቹ ወልደዋል። ክትትሉ ገና ይቀጥላል፣ ማንም ታሞክሲፈኑን በራሷ ሥልጣን አታቁም፤ መድኃኒቱ እየተወሰደ ማርገዝም ለጽንሱ አደጋ ነው። ግን «ካረገዝሽ ትሞቻለሽ» የሚለውን ፍርድ እንደ ሳይንስ መናገር ይብቃ።

አራተኛውን መልስ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ምክንያቱም የኛው ነው። «ለሷ አትንገሯት» ብለን ውጤቱን ለአባት፣ ለወንድም፣ ለባል የምናስነግር እኛ ነን። ያላገባች ልጅ ፊት ስለ ማሕፀን ማውራት ነውር ነው የምንል እኛ ነን። ጎረምሳውን ዘርህን በዕቃ ስጥ ማለት የሚያሳፍረን እኛ ነን። ይገርመኛል! ሙሽሮችን «ውለዱ ክበዱ» ብሎ የሚመርቅ፣ በሰርግ ማግስት «ምነው፣ ወሬ የለም እንዴ?» እያለ ሆድ ሆድ የሚያይ ሕዝብ ነን። ስለ ልጅ የማይጠይቀን የለም። ቀባሪም፣ ለቀስተኛም፣ ቡና ጠጪም ይጠይቃል። መጠየቅ የነበረበት ሰው ብቻ፣ መጠየቅ በነበረበት ቀን፣ አልጠየቀም።

እንዳትሳሳቱ፣ ልጅ የሌላት ሴት ጎዶሎ ናት እያልኩ አይደለም። መውለድ የማትፈልግም አለች፤ እሷም ብትጠየቅ «አልፈልግም» የማለት መብቷን ታገኛለች። ያልተጠየቀ ሰው እሺም እምቢም የለውም።

እናም አንቺ፣ አንተ፣ ወይም የምትወዱት ሰው በዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠ፣ ክንዱ ላይ መርፌው ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ መድኃኒት መውለዴን ይነካል ወይ? ከመጀመሬ በፊት ማድረግ የምችለው ምንድነው? ስንት ቀን አለኝ? ቢቆጡም ጠይቁ።

በቀደም ጓደኛዬን «በጊዜው ብትጠየቂ ምን ትይ ነበር?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እኔንጃ» አለች። «በጣም ፈርቼ ስለነበር፣ ኬሞውን ነገውኑ ጀምሩልኝ ብዬ ሊሆን ይችላል። ግን ያልኩት እኔ እሆን ነበር።»