በረዶና የቤታችን ክዳን

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፥ በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ በምንኖርበት ግቢ፥ ከቀትር በኋላ ብርቱ በረዶ ወረደ። የቆርቆሮው ጩኸት እርስ በርሳችን እንዳንሰማማ አደረገን። ጥቂት ቆይቶም ውኃ ከኮርኒሱ እየተንጠባጠበ የልጆቹን መኝታና ደብተር አራሰው። ክዳኑ የተበሳ መስሎን ነበር፤ በማግሥቱ መሰላል አቁመን ስናይ ግን ቆርቆሮው ደኅና ነው። ጥፋቱ የራሳችን ሆኖ ተገኘ፤ አሸንዳውን ቅጠል ሞልቶት ሳለ ሳንጠርገው ቆይተናልና። በረዶው በቅጠሉ ላይ ተከምሮ መውረጃውን ዘጋው፤ ውኃውም ወደ ኋላ ተመልሶ ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር ገባ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአውሮፓ ብርዳማ አገሮች ብዙ ቤቶች በስሱ እየተሰነጠቀ በሚወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናሉ፤ ተማሪዎች ቀድሞ ይጽፉበት የነበረው የድንጋይ ሰሌዳም ከዚሁ ዓይነት ነው። በዚያ እንደ ባዘቶ የሚወርደው በረዶ በክዳን ላይ ብዙ ቀን ይቆያል። የቤቱ ሙቀት ሲያቀልጠው ውኃው ወደ ቀዝቃዛው ጠርዝ ወርዶ እንደገና ይረጋና ግድብ ይሆናል፤ ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመውም በድንጋዮቹ መካከል ወደ ቤት ይሰርጋል። ክምሩ በአንድ ጊዜ ተንዶ በመንገደኛ ላይ እንዳይወድቅም በጠርዙ አጠገብ የብረት መያዣ ይተክላሉ። የእኛ በረዶ ፈጥኖ ቢቀልጥም የግድቡ ጠባይ አንድ ነው።

ብዛቱንም በሒሳብ እንመልከት። በ50 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። ይህ ሁሉ መውረጃ ሲያጣ ወዴት ይሄዳል? ወይ ወደ ቤታችን፥ ወይ ወደ ጎረቤታችን ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ክረምት ሳይገባ፥ ደረቅ በሆነ ቀን፥ አሸንዳው ይጠረግ። የላላው ሚስማር ይጥበቅ፤ ጎማው የደረቀም ይለወጥ። አዲስ ክዳን የሚሠራ ሰው ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ እንዳይመታ ይጠብቅ። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ አይዘንጋ፤ ስስ ቆርቆሮ በበረዶ ቶሎ ይጎደጉዳልና።

በረዶ እየወረደ ሳለ ግን ማንም ወደ ክዳን አይውጣ። በዚያ ቀን አንድ ጎረምሳ መሰላል ሲያነሣ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «ተው ልጄ! ቆርቆሮስ ይገዛል፤ አንተን ማን ይተካልናል?» ብለው አስቀሩት። እኒህ እናት መሰላል የሚወጣላቸው ሰው የላቸውም። ዘንድሮ የእኛን አሸንዳ ስንጠርግ የእርሳቸውንም አብረን ጠረግን፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አላለፈም። እናንተስ መሰላሉን ከመመለሳችሁ በፊት የጎረቤታችሁን ክዳን ተመለከታችሁን?