በጤነኛ ውሻ ውስጥ ስለ ተሰወረ በሽታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለእንስሳትም ይስማማል። ሰው ሕመሙን በአንደበቱ ይገልጣል፤ አንደበት የሌለው ውሻ ግን የሚመረመረው በአኳኋኑ ነው፤ አኳኋኑም ያልተለወጠ እንደ ሆነ ጤነኛ ተብሎ ይታለፋል። ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ፥ ከጎዛምንና ከስናን አንሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ባለው ደጋ፥ በግ የሚጠብቀው ውሻ የሚታየው በዚሁ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ግን ሃይዳቲድ በተባለው በሽታ ላይ ፈጽሞ አይሠራም።

የዚህ በሽታ መነሻ በውሻ አንጀት የሚኖር፥ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ7 ሚሊሜትር የማያልፍ ታናሽ የኮሶ ትል ነው። ትሉ በብዙ ሺህ ሆኖ በአንድ ውሻ አንጀት ቢሰፍር እንኳ ውሻው ሳይከሳና ሳይደክም ይኖራል። ባላገር የራሱን ኮሶ የሚያውቀው ቍራጩ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሲወጣ አይቶ ነው፤ በዚያም ምልክት ኮሶ እየጠጣ ኖሯል። የውሻው ትል ግን ከታናሽነቱ የተነሣ በቀላሉ ለዓይን አይገለጥም። ዕንቍላሉም በማይክሮስኮፕ ቢታይ ከሌላው የውሻ ኮሶ ዕንቍላል ተለይቶ አይታወቅም። ለይቶ የሚያስታውቅ የላቦራቶሪ ምርመራ አለ፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ስለ ሆነ በየገጠሩ ለማድረስ ያስቸግራል።

ውሻው ጤነኛ መስሎ ሲዞር ጕዳቱ በሌላው ላይ ይወርዳል። ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው ዕንቍላል በሣርና በውሃ ላይ ይበተናል፤ በጠጕሩም ላይ ይጣበቃል። በጉና በሬው ከሣሩ ጋር ይውጡታል፤ ውሻውን የዳሰሰ ሕፃንም እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። የተዋጠውም በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውሃ የሞላበት ከረጢት ሆኖ ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሰውየውም ሕመሙ በተሰማው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በባሕር ዳር ቄራ ስለ ታረዱ እንስሳት ተጠንቶ በ2001 ዓ.ም. የታተመው ጽሑፍ ይህ ከረጢት ከሦስት ከብት በአንዱ ያህል መገኘቱን አስታውቋል።

እንግዲህ ውሻው የሰወረውን የሚገልጠው የታረደው እንስሳ ጉበትና ሳንባ ነው። ከረጢት በበዛበት ስፍራ ያሉ ውሾች ትሉን እንደ ተሸከሙ ሊቈጠሩ ይገባል እንጂ ምልክት ሊጠበቅባቸው አይገባም። ትሉ ወደ ውሻ የሚመለሰውም በዚሁ ጉበት ነው። ለገና ወይም ለፋሲካ በጓሮው በግ የሚያርድ አባወራ ከረጢት ያለበትን ጉበት ለሰው አይሆንም ብሎ ለውሻ ይጥላል፤ ለቤተ ሰቡ ነቅቶ የጣለው ጉበትም በውሻው በኩል ዞሮ ወደ ልጁ ይመለሳል። በበግ ላይ የሚገኘው ከረጢት ከበሬው ይልቅ ዘር የያዘ ሆኖ ስለሚበዛ፥ ከቄራው ምርመራ ሌላ የጓሮው ዕርድ በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል።

ነገሩ የማይቻል እንዳይመስል የአይስላንድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ሐራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ወደዚያ ደሴት ሔዶ 100 ውሾችን ከፍቶ ቢመረምር በ28ቱ አንጀት ትሉን አገኘ። ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው የሚያስረዳ ታናሽ መጽሐፍ ታትሞ ለሕዝቡ ታደለ፤ ሕግም ተከተለ። ሕዝቡ አንብቦ ልማዱን ስለ ለወጠ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፋ።

በጎጃም ደጋም የሹማምንቱ ሥራ የታወቀ ነው። የቄራው ጥራጊ ውሻ በማይደርስበት ጕድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ከረጢት የተገኘበት እንስሳ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጣ እየተጻፈ መድኃኒቱ በቅድሚያ ወደዚያ ይላክ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ጤነኛ ለሚመስለውም ውሻ ሁሉ በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ ይሰጥ። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ ዕንቍላሉን አይገድልምና ከዚያ በኋላ የሚወጣው ዓይነ ምድር ይቀበር።

የካህናቱ ድርሻ ከዚህ አያንስም። ጾሙ ከመፈታቱ በፊት ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ሲሰበሰብ ከረጢት ያለበትን ጉበት ይቀብር እንጂ ለውሻ እንዳይሰጥ ቢያስተምሩ ቃላቸው በየጓሮው ይደርሳል። ከበጉ አስቀድሞ ጕድጓዱን መቈፈር ብር የማይጠይቅ ሥራ ነውና ለከርሞ የሚያቈየው ምክንያት የለም።