«በፈቃዷ ነው» የሚለው ከየትኛው ማስረጃ መጣ?

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ (አሁን ዐቃቤ ሕግ ናት) በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ላከችልኝ። «መምህር፣ የሥር ፍርድ ቤት ምስክሮቹን ፊት ለፊት ሰምቶ ጥፋተኛ ያለውን ሰው፣ ይግባኝ ሰሚው ወረቀት ብቻ አንብቦ እንዴት ነጻ ያሰናብተዋል?» መልሱ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ ልጽፈው።

አጭሩ መልስ፦ ይችላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ለይግባኝ ሰሚው ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶታል። ውሳኔውን ማጽናት፣ መሻር፣ ማሻሻል ይችላል። ይህ ሥልጣን ይነሳ የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ያለ በቂ ማስረጃ የተፈረደበት ሰው ይኖራል፤ እሱን የሚያድነው ይግባኝ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ይግባኝን የተከሳሽ መብት አድርጎ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ይግባኝ ሰሚው የሥር ፍርድ ቤት ያመነውን ምስክር «አላመንኩም» ሲል፣ ለምን እንዳላመነ ቃል በቃል እየጠቀሰ የመጻፍ ግዴታ እንዳለበት እናስተምራለን፤ መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አናየውም።

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ያነሳሁትን የአርሲውን ጉዳይ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በሌሊት ከቤት ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አስጣላት፤ ጠላፊው ታሰረ፤ በዋስ ተለቀቀ፤ ከዚያም ይኸው ሰው ድጋሚ ጠለፋት። ደብቆ አቆይቷት የጋብቻ ወረቀት አስፈረማት፤ አምልጣ ነው የወጣችው። የወረዳው ፍርድ ቤት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በዋናው ተከሳሽ ላይ 10 ዓመት፣ በአራት ግብረ አበሮቹ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 8 ዓመት ፈረደ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 1996 ዓ.ም. የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ሁሉንም ለቀቀ። ምክንያቱ ምን ነበር? ማስረጃው ድርጊቱ በፈቃድ የተፈጸመ መሆኑን ያመለክታል የሚል ነው።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። በሌሊት፣ በቡድን፣ በር ተሰብሮ። ቀጥሎ ሁለተኛ ጠለፋ። ቀጥሎ ማምለጥ። ከዚህ ሁሉ መካከል ፈቃድ የቱ ላይ ነው ያለው? ደግሞስ የ13 ዓመት ልጅ ለዚህ ነገር የምትሰጠው ፈቃድ በሕግ ፊት ምን ዋጋ አለው? ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በቁጥር 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸመውን የግብረ ሥጋ ድርጊት ራሱን ችሎ ያስቀጣል፤ «እሺ ብላኝ ነው» ማለት መከላከያ አይሆንም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መዝገብ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ዕድሜው ከተረጋገጠ የፈቃድ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ የሚቀረው የምስክሩ ቃል ፍሬ ነገር ነው። ልጅቷ ስትናገር ድምጿ የታፈነበት፣ ጥያቄው ሲደጋገምባት ዝም ያለችበት፣ ተከሳሹን ላለማየት ፊቷን ያዞረችበት አይጻፍም። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ያ ክፍተት ሲገጥመው በምን ይሞላዋል? ከሰፈር ባመጣው ግምት ነዋ! «ለምን አልጮኸችም?» «ለምን በማግስቱ አላመለከተችም?» «ክብረ ንጽሕናዋ ቀድሞ ተወስዶ የለም እንዴ?» እነዚህ ማስረጃ መስለው ፍርድ ውስጥ ይገባሉ፤ ማስረጃ ግን አይደሉም። በተለይ የመጨረሻው! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሎ እንዲቀር ጠይቋል። ደግሞስ ድንግል ያልሆነች ሴት አትደፈርም ያለው የትኛው ሕግ ነው?

እርግጥ የዚያ ዘመን ዳኞች ይዘው የሚሠሩበት ሕግም አላገዛቸውም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ያ የጋብቻ ወረቀት ለምን እንደተፈለገ አሁን ይገባችኋል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ይህንን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ በቁጥር 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፣ ጋብቻም አያድንም። ሕጉ ተለወጠ፤ ማስረጃ የምንመዝንበት ልማድ ግን በአዋጅ አይለወጥም።

አርሲ የጀመረው መዝገብ እስከ ሰበር ደረሰ። ሰበር ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተት የለበትም አለና በ1998 ዓ.ም. የአገር ውስጡ በር ተዘጋ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ክርክር ያለው። ሰበር ፍሬ ነገር አይመዝንም፤ ይህ ልክ ነው፣ ሥልጣኑም ሕግ ላይ ብቻ ነው። ነገር ግን ለጉዳዩ አግባብነት የሌለውን ነገር መመዘን፣ ሕግ ዋጋ ያልሰጠውን ፈቃድ ዋጋ መስጠት፣ የታመነን ምስክር ያለ ምክንያት መጣል፣ እነዚህ የፍሬ ነገር ስህተቶች ናቸው ወይስ የሕግ? እኔ የሕግ ናቸው ባይ ነኝ። የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በዚህ ላይ አንድ ግልጽ ውሳኔ ቢሰጥ በየዞኑ ያለው ዳኛ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ቆም ይላል።

ጉዳዩን በመጨረሻ የሰማው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው አቤቱታውን አቀረቡ፤ ቁጥሩ 341/2007 ነው፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት መብቷን እንዳላስከበረ ወስኖ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት አለ። ልጅቷ ያኔ ልጅ አልነበረችም። ከተጠለፈች 15 ዓመት ገደማ ሆኗል።

ለጠያቂዬና ሥራ ላይ ላላችሁ፦ ይግባኙ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ሥር ፍርድ ቤት ነው። የዕድሜ ማስረጃውን የመጀመሪያ ቀን አያይዙ። የሐኪሙን ወረቀት ብቻ አታስገቡ፤ ሐኪሙን ራሱን አስጠሩና ቁስሉ የት የት እንደነበረ ያስረዳ። ምስክሯ ስታለቅስ ወይም መናገር ሲያቅታት ዳኛው ያንን መዝገቡ ላይ እንዲያሰፍሩ በትሕትና ጠይቁ፤ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉም መጠየቃችሁ ራሱ ይመዝገብ።