«ሕፃን ምን ያውቃል» ስለምትባለው ነገር

ስለ አፀደ ሕፃናት ማስተማር ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ በዶርምም ሆነ በሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ የማትቀር አንዲት አባባል አለች። «ሕፃን ምን ያውቃል፣ ለሱ ሁሉም ሰው እኩል ነው» የምትለዋ ናት። ሲሰሟት ደስ ትላለች፤ ለመምህሩም ሥራ ታቀላለች። ንቀትና ዘረኝነት የትልልቆች ጣጣ ነው፣ እኛ ክፍል አይገባም ብሎ በሩን ዘግቶ ፊደል ማስቆጠር ነው። ይህችን ጽሑፍ ተማክረን ያዘጋጀን ሰልጣኞች ግን አባባሏ ውሸት ናት እንላለን።

ማስረጃ እንጥቀስ። ኬኔዝ ክላርክና ባለቤቱ ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆናቸው 253 ጥቁር ሕፃናት በቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶች አቀረቡ። በየትኛው መጫወት ትፈልጋለህ? ጥሩው የትኛው ነው? መጥፎ የሚመስለውስ? እያሉ ጠየቁ። የሚበዙት ሕፃናት መጫወት የፈለጉት በነጩ ነው። መጥፎ የሚመስለው ጥቁሩ ነው ያሉትም ብዙ ናቸው። አንተን የሚመስለውስ የቱ ነው? ሲባሉ ያለቀሱ ነበሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1947 ታተመ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ከጠቀሳቸው ሥራዎች አንዱ የክላርክ ነበር። ሦስት ዓመት! ገና ሱሪውን በቅጡ መታጠቅ ያልቻለ ልጅ ማን እንደሚከበርና ማን እንደሚናቅ አውቋል ማለት ነው።

«ይሄ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ቤታችን እንግባ።

በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሀዲቾ፣ ቆዳ የሚያለፉት አዋቾ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾ ይባላሉ። ለብዙ ዘመን ከነሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር፤ አብሮ መብላትም እንደዚሁ። የሲዳማ ብቻ መስሎን ደግሞ ሌላው እንዳይኩራራ! ወላይታም፣ ጉራጌም፣ ከፋም የየራሱ አለው። በአማራው አገር ባለእጁን ቡዳ ማለት ዛሬም ድረስ አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ባርነት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በሕግ ተሽሯል፤ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን በጠቆረ ልጅ ላይ እስከ ዛሬ ይወረወራል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ በሰው መካከል ልዩነት ሳይደረግ ይከፋፈል ተባለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አዋጁ በአደባባይ ተነቧል፣ ወጥ ቤት ግን አልደረሰም። ልጅ ደግሞ የሚያድገው ወጥ ቤት ነው፤ እናትና አያት ሲንሾካሾኩ እየሰማ።

ለተግባር ልምምድ ከወጣንባቸው ክፍሎች በአንዱ ያየነውን እንናገር፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር። የምሳ ሰዓት ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ከጎኗ ለተቀመጠችው ዳቦ ቆርሳ ዘረጋችላት። ያቺኛዋ እጇን ሰበሰበችና «የነሱን አትብዪ ብላኛለች እማዬ» አለች። ልጆቹ ዝም አሉ። መምህርቷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጠብ እንዳይነሳ ብላ ልጅቱን አነሳቻትና ሌላ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። ያውም የተናቀችውን! ክፋት አስባ አይደለም፤ ለእርጋታ ብላ ነው። ነገር ግን ያን ቀን አርባ ሕፃናት በዕለታዊ ዕቅዱ ውስጥ ያልተጻፈ ትምህርት ተምረዋል። ቦታ የሚለቀው የተናቀው መሆኑን።

እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? ተከራክረንበታል። አንዳንዶቻችን እናትየውን አስጠርቶ መምከር አልን። የብዙዎቻችን ሐሳብ ግን ቀለል ያለ ነው፤ መምህርቷ ራሷ መሐላቸው ቁጭ ብላ የተዘረጋውን ዳቦ ተቀብላ ብትበላ ይበቃ ነበር። ለአምስት ዓመት ልጅ መምህር የበላው ነገር ንጹሕ ነው። ስብከት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። እዚሁ ተቋማችን ውስጥ የመርጃ መሣሪያ ዝግጅት ስንማር ጭቃ አቡክተን ቁጥርና ፊደል፣ በግና ላም እንሠራለን፤ ጥሩ የሠራ ጥሩ ማርክ ያገኛል። አፀደ ሕፃናትም ስንሄድ ልጆቹን ጭቃ እናሠራለን፣ ጣት ያፍታታል እየተባለ። ጭቃ በኛ እጅ ሲገባ ትምህርት፣ ገበያ ላይ ጀበናና ድስት ዘርግተው በሚሸጡት እናቶች እጅ ሲገባ ነውር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? መልስ ያለው ይጻፍልን። የኛ ሐሳብ፣ ከነዚህ እናቶች አንዷ ክፍል ገብታ ጭቃው እንዴት እንደሚታሽና ለምን ሳይሰነጠቅ እንደሚደርቅ ብታሳይ ነው። እኛ በጭራሽ የማናውቀውን ታውቃለች፤ የኛ በጎች በማግስቱ እግራቸው ይረግፋል! ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የእገሌ እናት» ተብላ ከገባች ልጁን አጋለጥነው ማለት ነው። ሙያተኛ ተብላ ትግባ፤ በሌላ ሳምንት ሸማኔው፣ በሌላው ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ይምጣ።

ስለ ቀለም ጥቂት እንበል። ከየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ተገዝተው በየግድግዳው የሚለጠፉት «ቤተሰቤ» የሚሉ ሥዕሎች ብዙዎቹ ፀጉረ ወርቃማ ቤተሰብ ናቸው። አሻንጉሊቱም እንደዚያው ነው። ሰው ሣሉ ሲባሉ ሮዟን እርሳስ ሲሻሙ፣ ቡኒዋን ለውሻ ሲተዉ አይተናል። መምህራኑም «ነይ ቀዮ» እያሉ ያቀብጣሉ፤ የጠቆረችው ደግሞ በስሟ ተጠርታ ወንበር አስተካክዪ ትባላለች። ቡኒና ጥቁር እርሳስ ቀርጾ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቋንቋም አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሲዳምኛና ወላይትኛ ከነዚያ መሐል ነበሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር አለ። ታዲያ በሀዋሳ ዛሬም አማርኛው የተሰበረበት ልጅ ሲሳቅበት መምህሩ አብሮ ፈገግ ሲል ምን ይሉታል? «ውሃ ጠማኝ» በሲዳሙ አፎም በወላይትኛም እንዴት እንደሚባል ሳያውቅ ሀዋሳ ውስጥ ሕፃን የሚያስተምር ሰው፣ ልጁ ሲያለቅስ ለምን እንደሚያለቅስ አያውቅም።

«ካላነሳችሁት ይረሳል፣ እናንተ ናችሁ የምታስታውሱት» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ግማሹን እንቀበላለን። ልጆችን ጎሣችሁ ምንድን ነው፣ አባትህ ምን ይሠራል ብሎ በክፍል ፊት መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም። ነገር ግን ዳቦው ሲመለስ ያየ ልጅ ነገሩን አስቀድሞ አንስቶታል። ያን ጊዜ ዝም ያለ መምህር ከእናትየው ጋር የተስማማ ነው የሚመስለው።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለን። የተግባር ልምምድ መመዘኛው ድምፃችንን፣ የሰሌዳ አጠቃቀማችንን፣ ሰዓት አጠባበቃችንን ይለካል። በዚያ ላይ አንዲት መስመር ትጨመርልን፤ በክፍለ ጊዜው የትኞቹ ልጆች ተጠሩ፣ የትኞቹ አልተጠሩም፣ ማን ብቻውን ተቀመጠ የምትል። ቀጣዩ ልምምድ ሳይጀመር መልሳችሁን ብትለጥፉልን ከዚህ ጽሑፍ በታች ቦታ ትተናል።