ከፎቶው ጀርባ ስም ይጻፍ

በእኛ አገር የአዋቂ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ለጉዳይ የሚነሳ ነበር። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል፤ ሰውም ኮት ተውሶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይነሳል። ልጅን ግን ሚኒስትሪ ተፈታኝ እስኪሆን ድረስ ጉርድ ፎቶ አምጣ የሚለው የለም። አንድ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም አባት በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ልጆቹን ደርድሮ ፎቶ ካስነሳ፣ ያን ቀን ልቡ ደስ ብሎት ነው። ወይ ጥምቀት ነው፣ ወይ እንቁጣጣሽ፣ ወይ ደግሞ አዲስ አበባ ይዟቸው ሄዶ አንበሳ ግቢ አስገብቷቸው ነው። ከየቤታችን እየጠፉ ያሉት እነዚህ የደስታ ፎቶዎች ናቸው።

አሜሪካኖች በሐምሌ 1947 ዓ.ም. ዲዝኒላንድን ከፍተው ልጆቻቸውን ከሚኪ ማውስ ጋር ማስነሳት ሲጀምሩ፣ የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ከተቋቋመ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ልጆች የመዝናኛ ስፍራ ማለት እሱ ነበር። ባለጥቁር ጎፈሩን አንበሳ በዓይኑ አይቶ የተመለሰ ልጅ ለወራት የሰፈሩ ተራኪ ሆኖ ይከርማል። የመንገዱን ትዝታ ግን በፎቶ ማስቀረት አይቻልም ነበር፤ የዓባይ ድልድይ ላይ ዘብ ቆሞ ፎቶ ማንሳት የተከለከለ በመሆኑ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርደን ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ ያየነው ሁሉ በአፍ ብቻ የሚነገር ሆኖ ቀረ።

ከእኛ ቤት የተረፈው ፎቶ የ1974 ዓ.ም. ነው። አባቴ የዚያን ዓመት በርበሬ በጥሩ ዋጋ ሸጦ አዲስ አበባ ይዞን ሄደ፤ ሽሮ ሜዳ አክስቴ ቤት አረፍን። ፎቶው ላይ አራት ልጆች አሉ፤ ሦስቱ እኛ ነን። የእኔ ቀሚስና የታናሽ ወንድሜ ሸሚዝ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ናቸው፤ እናቴ ጨርቅ ስትገዛ ለሁላችንም የሚበቃ አድርጋ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ የጃኬቱ እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኗቸዋል። ፎቶ አንሺው «ወደዚህ፣ ወደዚህ!» እያለ ሲጣራ ሁለታችን ወደ እሱ አየን፤ ትንሹ ግን ፊቱን አዙሮ በክቡ የአንበሶች ቤት ፍርግርግ ወደ ውስጥ እያየ ነው፤ የሚታየው ማጅራቱና አንድ ጆሮው ብቻ ነው። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ከቤታችን ፎቶዎች ሁሉ አብልጣ የምትወደው ይህን ነበር፤ «ልጄ ፎቶውን ትቶ አንበሳውን አየ» ትል ነበር። ፎቶው ዛሬ ወደ ቀይ አድልቷል። የዚያ ዘመን ከለር ወረቀት ሰማያዊ ቀለሙ ቀድሞ ስለሚለቅ፣ በሳጥን ተዘግቶ ቢቀመጥ እንኳ ፊቱም ሣሩም ቀስ በቀስ ይቀላል።

ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ፤ የፎቶ አንሺው ምልክት ነው። ስም የለም። የእኛን ስም እኔ አውቀዋለሁ። ከጎናችን የቆመችውን፣ እጇን ትከሻዬ ላይ የጣለችውን ሻሽ ያሰረች ልጅ ማንነት ግን የምታውቀው እናቴ ነበረች።

አንድ ሌላ ፎቶ ላንሳ። ለንደን የሚገኘው የጦርነት ሙዚየም በደምበጫ ምሽግ የተነሳ ፎቶ አለው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከብርጋዴር ሳንፎርድና ከኮሎኔል ዊንጌት ጋር ቆመዋል። ቀኑ ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑን የምናውቀው የዚያን ጊዜ አንድ ሰው ከፎቶው ጋር ቦታውን፣ ቀኑንና የሰዎቹን ስም ስለጻፈ ነው። ደምበጫ ለፍኖተ ሰላም ጎረቤት ናት። እዚያ ለፎቶ የቆሙት እንግሊዛውያን ስማቸው ከነማዕረጋቸው ሲቀመጥ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች ግን በገዛ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ስም አልባ ሆነው ተሰቅለዋል። ይህ ያንገበግበኛል። ታሪክ አስተማሪ ነኝና የልጆቻችን ሳቅ የታሪክ ማስረጃ አይደለም ሲባል ዝም ማለት አልችልም። የዚያን ዘመን ልጅ ምን እንደለበሰ፣ ምን እንደተጫማ፣ ምን ሲያይ እንደሚገረም፣ ወላጁ በምን እንደሚኮራ የሚነግረን ሌላ ሰነድ የት አለ?

ፎቶው ቢጠፋ ኔጋቲቩ አለ እንል ነበር። ድሮ ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ በቁጥር አስቀምጠው፣ ደንበኛው ከዓመት በኋላ ቢመጣ እንኳ ድጋሚ ያጥቡለት ነበር። ያን ዘመን ያየ፣ አሁን በዕድሜ የገፋ አንድ የአካባቢያችን ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄጄ «ጋሼ፣ የድሮዎቹ ኔጋቲቮች አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ማን ይፈልገዋል ብለሽ? ጣሪያው ሲያፈስ ረጥቦ እርስ በርሱ ተጣበቀ። የተረፈው እዚያ ነው» አሉና ወደ ቆጡ አመለከቱኝ።

የተረፈው አንድ የጫማ ካርቶን ነበር። ወደ መስኮቱ ዘርግቼ ሳየው፣ በየፊልሙ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የጥምቀት ልጆች ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ፣ በእጃቸው የፕላስቲክ አበባ። አዲስ አበባ መሄድ ላልቻለ ልጅ አንበሳ ግቢው ያ መጋረጃ ነበር። ጋሼ የአንዳንዶቹን ልጆች ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ የመጡበትን ቀበሌ ጭምር ሳያመነቱ ነገሩኝ። እኔም ጻፍኩ።

አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የጀመሩ አሉ። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትስ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ከየቤተሰቡ አልበም የቆዩ ፎቶዎችን ሰብስበው፣ ከነታሪካቸው መዝግበው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2018 መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል። ዋና ከተማዋ ተመዝግባለች። ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ጂጋ፣ ደምበጫስ? የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው። ስካነር ያለው አንድ ክፍልና ክረምት ላይ የሚሠሩ ጥቂት ተማሪዎች ቢመደቡ፣ ፎቶው ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ቅጂው ይቀመጣል። የዞኑ ባህልና ቱሪዝምም ቅርስ ሲመዘግብ የብራና መጽሐፍና የነገሥታት ዕቃ ላይ ብቻ እንዳያቆም እጠይቃለሁ።

ጊዜም የለንም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በደረሰው ግጭት ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው መታወቂያውንና ልጁን እንጂ አልበሙን አልያዘም። ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የዋሉ ልጆችም ወላጆቻቸው በዕድሜያቸው ሲስቁና ሲጫወቱ የነበሩበትን አገር በፎቶ ሊያዩት ይገባል፤ ይህን ስል ለማጽናናት ብቻ አይደለም፣ እንዲህ መኖር መብታቸው እንደነበረ እንዲያውቁት ነው። ከእኛ በኋላ አፍሪካ ፓርክ፣ ቦራ፣ ኤድና ሞል የሄዱት፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ ያዩትም ቢሆኑ ፎቶአቸው ያለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ የተሰረቀ ቀን ልጅነታቸውም አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ ጥቂቱን አሳጥቡላቸው።

ለቤተሰብ የምመክረው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ፎቶውን ከክፈፉ አውጥታችሁ ከጀርባው ለስላሳ በሆነ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ዘልቆ ያበላሻል። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አስነሳው። ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀውን በኃይል አትላጡት፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራልና እንዳለ በስልክ አንሱት። ከሁሉ በፊት ግን አያቶችን አጠገባችሁ አስቀምጡና ጠይቁ፤ ሲናገሩም ድምፃቸውን ቅዱ።

ከዳንግላ እስከ ደምበጫ ፎቶ ቤት የነበራችሁ፣ ወይም ከአባታችሁ የወረሳችሁ ሁሉ፣ ኔጋቲቭ ያለበትን ካርቶን ቤት ስታጸዱ አታውጡት። እርጥብ ከሆነ አትለያዩት፣ ከጭስና ከጣሪያ ውኃ አርቁት፣ በአቅራቢያችሁ ላለ የታሪክ መምህር ወይም ለባህል ጽሕፈት ቤቱ ንገሩ። ቡሬ ያላችሁ እኔን ጥሩኝ፤ ስምና ቀበሌ የሚያስታውስ ሰው ይዤ እመጣለሁ።