ሐዘንን አታስቸኩሉት

ዛሬ ስለ ወረቀትም ስለ ራሽንም አይደለም የምጽፈው። ስለ አንድ ሙዚቃ ነው። አትሳቁብኝ።

እናቴ ያረፈች ጊዜ እዚሁ ናይሮቢ ነበርኩ። መርዶውን ያረዳኝ ሽማግሌ አልነበረም፤ ፌስቡክ ነው። አንድ ዘመድ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፎ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተደርድሮ አየሁት። ማታቱ ውስጥ ነበርኩ። አላለቀስኩም። መውረጃዬ አልፎኝ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። በማግስቱ ጓደኞቼ መጥተው «አይዞህ፣ ጠንክር፣ አንተ እኮ የሌላው መጽናኛ ነህ» አሉኝ። ጠነከርኩ። ለወራት እንደ ድንጋይ ጠነከርኩ።

አንድ ማታ ክፍል የምንጋራው ልጅ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። ፊውነራል ዱም ይባላል፤ የቀብር ሙዚቃ እንደማለት ነው። የሄቪ ሜታል ዘር ሲሆን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እንደ ቴርጎቶንና ስኬፕቲሲዝም ያሉ የፊንላንድ ባንዶች ናቸው መንገዱን የጠረጉት። ድራሙ አንዴ ይመታል፤ ሁለተኛው እስኪመጣ ትንፋሽ ያልቃል። ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያጓራ ነው። «ይሄ የሰይጣን ነገር ነው» ብዬ ልመልስለት ነበር።

ያሰማኝ የቤል ዊችን «ሚረር ሪፐር» ነው። በ2017 የወጣ፣ ከ80 ደቂቃ በላይ የሚሄድ አንድ ነጠላ ሥራ። የባንዱ የቀድሞ ድራመር በ2016 ሞቶ፣ ጓደኞቹ ቀድሞ የቀዳውን ድምፁን ውስጡ አስገቡለት። ይህን ስሰማ እናቴ የላከችልኝ፣ ደግሜ ለመስማት የፈራሁት የድምፅ መልእክት ትዝ አለኝ። ያኔ እንባዬ መጣ። ሙዚቃው «በቃ» አላለኝም። «ጠንክር» አላለኝም። ጠበቀኝ።

«ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታዲያ ሙሾ ምንድን ነው? ሙሾ አውራጇ የሟችን ደግነት እያነሳች ሆዳችንን ስታባባው በእኛ ላይ ጨክና ነው? የታመቀው እንዲወጣ ነው እንጂ። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ያሉት አባቶች ሐዘን በአንድ ቀን እንደማያልቅ ስለገባቸው ነው። ስደት የቀማን ይሄንን ጊዜ ነው። ነገ ሥራ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ፖሊስ አለ።

ሙዚቃው ግን ሙሾን አይተካም። ማዳመጫ አጠገብህ ቁጭ ብሎ አብሮህ አያለቅስም። ያ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ሰውዬው መረዳቱን አረጋግጡ። እዚህ ያለ ጓደኛው ጋ ደውሉ፤ ሰዎች ሰብስቦ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያርዳው። እዚህ ያለን ደግሞ «አይዞህ» ለማለት አንቸኩል። ፍራሽ አንጥፈን፣ ቡና አፍልተን፣ ዝም ብለን አብረን እንቀመጥ።

አፈር ሳታለብሱ እናት አባታችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ፣ መጽናናቱን ይስጣችሁ። አልቅሱ፤ ነውር አይደለም።